ዕድል ስንት ጨዋታ ያሸንፋል? ስለ ካፒታልስ የ2018 ዋንጫ ለተጻፈው ምላሽ

የበረዶ ሆኪ ቡድኑ ዋሽንግተን ካፒታልስ በ2018 የሰሜን አሜሪካውን ሊግ የስታንሊ ዋንጫ ያነሳው በዕድል ነው የሚል ጽሑፍ አንብበናል (እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጸሐፊው ሙግት ባጭሩ እንዲህ ነው። ቡድኑ ካለፉት ሁለት ዓመታት ይልቅ ደካማ ነበር። አሰልጣኙ አንደኛ በረኛውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ጥሎ ማለፉን መጀመሩ ግራ እንደተጋባ ያሳያል። በሁለተኛው ዙር የገጠመው ፒትስበርግ ደክሞት ነበር። የፍጻሜው ተጋጣሚ ቬጋስ ከየቡድኑ በተራገፉ ተጫዋቾች የተሠራ የአንድ ዓመት ቡድን ነው። የቀረውን የአዳራሹ ጩኸትና የቡድኑ ኮከብ አጥቂ የኦቬችኪን ዱላ ጨረሱት። ማሰሪያው ደግሞ የበረዶ ሆኪ እንደ ገና ጨዋታ ነው፤ ጥንጓ ወዴት እንደምትነጥር ማን ያውቃል የሚል ነው።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነውና አልተቆጣንም። ጸሐፊው የጠቀሷቸው ቁጥሮችም አብዛኞቹ ትክክል ናቸው። የማንስማማው ከቁጥሮቹ ባወጡት ፍርድ ነው።

«ቡድኑ ደካማ ነበር።» አዎ፣ ነበር፤ ጸሐፊው ካሉትም በላይ ደካማ ነበር። ካፒታልስ በ2015-16 120 ነጥብ፣ በ2016-17 118 ነጥብ ይዞ ሁለቱንም ዓመት ከሊጉ አንደኛ ወጥቷል። በ2017-18 ግን 49 አሸንፎ፣ 26 ተሸንፎ፣ 7 ጊዜ ደግሞ በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት ተረትቶ 105 ነጥብ ላይ ቆመ። ማሸነፍ 2 ነጥብ ነው፤ ከመደበኛው 60 ደቂቃ በኋላ የተሸነፈም 1 ያገኛል። ከዚህ የባሰው የተቆጠረበት ጎል ነው። በ2016-17 በ82 ጨዋታ 182 ብቻ የነበረው በቀጣዩ ዓመት ወደ 240 ተጠጋ።

ምክንያቱ ገንዘብ ነው። የደመወዝ ጣሪያው (አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሁሉ በዓመት ሊከፍል የሚችለው ከፍተኛ ድምር) 75 ሚሊዮን ዶላር በነበረበት ዓመት ከተጫዋቾቹ ኩዝኔትሶቭ በዓመት 7.8፣ ቲ.ጄ. ኦሺ 5.75፣ ዲሚትሪ ኦርሎቭ 5.1 ሚሊዮን ፈረሙ። ሦስቱ ብቻ የጣሪያውን ሩብ ያህል ያዙ። ቦታ ለማስለቀቅ ማርከስ ጆሃንሰን ለኒው ጀርሲ ተሰጠ፤ ጀስቲን ዊልያምስ ወደ ካሮላይና፣ ካርል አልዝነር ወደ ሞንትሪያል፣ ኬቨን ሻተንከርክ ወደ ኒውዮርክ ሬንጀርስ ሄዱ፤ ኔት ሽሚትን ደግሞ ቬጋስ ያለ ምንም ክፍያ ወሰደው። ከስድስቱ ዋና ተከላካዮች ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሲሄዱ የተቆጠረው ጎል ቢጨምር አይገርምም።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እኛ ግን አንድ እርምጃ እንጨምራለን። እነዚያ 120 እና 118 ነጥብ ያላቸው ጠንካራ ቡድኖች የት ደረሱ? ሁለቱም በሁለተኛው ዙር በፒትስበርግ ተሸንፈው ወጡ። ነጥብ የመደበኛው ውድድር መለኪያ ነው፤ መደበኛው ውድድርና ጥሎ ማለፉ ደግሞ ጨዋታቸው አንድ አይደለም። በመደበኛው ውድድር ተጋጣሚህ ዛሬ መጥቶ ነገ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ትናንት ማታ ሌላ ከተማ ተጫውቶ እግሩን እየጎተተ ነው የሚመጣው። እኩል ከሆናችሁ አምስት ደቂቃ ሦስት ለሦስት፣ ከዚያ መለያ ምት ነው። በጥሎ ማለፉ ግን ያንኑ ቡድን እስከ ሰባት ጊዜ ትገጥማለህ፤ የምትወደውን ቅብብል ሁሉ በቪዲዮ አጥንቶ ይመጣል። ተጨማሪው ሰዓት አምስት ለአምስት ነው፤ ሃያ ሃያ ደቂቃ እየተጨመረ አንድ ወርቃማ ጎል እስኪገባ ይቀጥላል። እዚህ የሚያዋጣው ተጋጣሚ ቢያውቀውም ሊፈታው የማይችል አሠራር ነው።

የአሰልጣኙ የባሪ ትሮትዝ ቡድን ያገኘው አሠራር 1-1-3 ይባላል። ጸሐፊው አንድ ጊዜ እንኳ ስላላነሱት ትንሽ እንቆይበት።

ሜዳው 61 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 26 ሜትር ያህል ስፋት አለው። ሁለት ሰማያዊ መስመሮች ለሦስት ይከፍሉታል፤ መካከለኛው ክልል 15 ሜትር ያህል ነው። አጥቂ ከፓኩ (ከሆኪው ጠፍጣፋ የጎማ ኳስ) ቀድሞ የተጋጣሚውን ሰማያዊ መስመር ከተሻገረ ከጨዋታ ውጪ ነው። ስለዚህ ማጥቃት የሚፈልግ ቡድን ፓኩን በዱላው ይዞ መግባት አለበት፤ አለዚያ ወደ ጥግ ወርውሮ ተሯሩጦ መንጠቅ ነው። በ1-1-3 የመጀመሪያው ሰው ፓክ የያዘውን ተከላካይ ለመቀማት አይሮጥም፤ ከመሀል ወደ አንድ ጎን እንዲሄድ ብቻ ይገፋዋል። ሁለተኛው በዚያው ጎን ቆሞ ወደ መሀል የሚመለሰውን ቅብብል ይዘጋል። ሦስቱ፣ ማለትም ሁለቱ ተከላካዮችና አንድ አጥቂ፣ በራሳቸው ሰማያዊ መስመር ላይ በስፋት ይሰለፋሉ። ይዞ የሚመጣው ሰው ፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ በጎኑ አጥር፣ ከኋላው አሳዳጅ ያገኛል። የሚቀረው መወርወር ነው። እሱንም የመሀሉን ቀይ መስመር ሳይሻገር ከወረወረና ፓኩ እስከ ጎል መስመሩ ከሄደ ዳኛው ያቋርጠዋል፤ ጨዋታው በወርዋሪው በራሱ የጎል ክልል ውስጥ እንደገና ይጀመራል፤ የደከሙ ተጫዋቾቹንም መቀየር አይፈቀድለትም።

አሠራሩ የሚበላሽባቸው መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ሰው ትዕግስት አጥቶ ወደ ጥልቁ ካሳደደ ከኋላው አራት ሰው ብቻ ይቀራል፤ አንድ ረጅም ቅብብል ይበቃል። ሦስቱ ቆመው ከጠበቁ ደግሞ በፍጥነት የመጣ የክንፍ ተጫዋች ያልፋቸዋል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ መቀበል አለባቸው። ዋናው ችግር ግን ከውርወራው በኋላ ነው። ጥግ ላይ ያረፈውን ፓክ አንድ ተከላካይ ዞሮ፣ ከኋላው 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው እየመጣበት አንስቶ በአንድ ቅብብል ማውጣት አለበት። ይህን የሚችሉ አራት ተከላካዮች ከሌሉህ 1-1-3 ጎልህ አጠገብ ከመታፈን አያድንህም።

እዚህ ላይ ነው የካቲት 19 ቀን 2018 የተፈጸመው፣ ያን ጊዜ ብዙም ያልተወራለት ዝውውር የሚመጣው። ሥራ አስኪያጁ ብራያን ማክሌላን ሚካል ኬምፕኒን ከቺካጎ ያመጣው በአንድ የሦስተኛ ዙር የምልመላ ዕጣ (አዲስ ወጣት ተጫዋች የመምረጥ ተራ) ብቻ ነው። ኬምፕኒ ቺካጎ ላይ ብዙ ጊዜ ከሰልፍ ውጪ የሚቀመጥ ተጫዋች ነበር። ከጆን ካርልሰን ጋር ሲጣመር ግን ካርልሰን ከኋላው ሳይሰጋ ወደ ፊት መሄድ ቻለ፤ ኦርሎቭና ማት ኒስካነንም ሁለተኛ ጥንድ ሆነው ሳይነኩ ቀሩ። አራቱ ሰዎች ተገኙ ማለት ነው። በ105 ነጥብ የተመዘነው ቡድን አብዛኛውን ዓመት ያለ ኬምፕኒ የተጫወተው ነው፤ ዋንጫውን ያነሳው ከኬምፕኒ ጋር የተጫወተው ነው። ጸሐፊው ሁለቱን እንደ አንድ ቡድን ቆጠሯቸው።

«በረኛውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ጀመረ።» አንደኛው በረኛ ብሬደን ሆልትቢ በዚያ ዓመት ከተተኮሱበት ፓኮች 90.7 በመቶውን ነው የመለሰው፤ ለእሱ ደረጃ ዝቅተኛ ነው። ተጠባባቂው ፊሊፕ ግሩባወር 92.3 በመቶ ነበረው። ትሮትዝ በመጀመሪያው ዙር ኮሎምበስ ላይ በግሩባወር መጀመሩ ቁጥሩን ተከትሎ ነው። ውሳኔው አልሠራም፤ ግሩባወር በሁለት ጨዋታ አራት አራት ጎል ተቆጠረበት። አሰልጣኙም በሁለተኛው ጨዋታ መሀል ሆልትቢን አስገባው። ሁለቱም ጨዋታዎች በሜዳቸው፣ በተጨማሪ ሰዓት ተሸነፉ። ግራ የተጋባ አሰልጣኝ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ሙጭጭ ብሎ ይቆይ ነበር።

ሆልትቢ በ2015-16 66፣ በ2016-17 63 ጨዋታ ተሰልፏል። በ2017-18 ግን 54 ብቻ። በረኛ በየተኩሱ በጉልበቱ በረዶ ላይ እየወደቀ እየተነሳ የሚውል ሰው ነው፤ ድካሙ መጀመሪያ የሚታየው ከጎን ወደ ጎን በሚንሸራተትበት ፍጥነት ላይ ነው። መጋቢት ላይ ያረፈባቸው ጨዋታዎች ሚያዝያና ግንቦት ላይ ተመልሰዋል። በጥሎ ማለፉ 16 አሸንፎ 7 ተሸነፈ፣ 92.2 በመቶ መለሰ። ወንበሩ ላይ መቀመጡን እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ እረፍት ብናየው ቁጥሮቹ ይገጥማሉ።

ዕድል የለም አንልም። ኮሎምበስ ላይ በጨዋታ ብዛት 0 ለ 2 እየተመሩ በተደረገው ሦስተኛ ጨዋታ፣ በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት፣ ላርስ ኤለር ያገባት ጎል ከሰው እግር ጋር ተጋጭታ ነው የገባችው። ያቺ ፓክ ወደ ሌላ ብትነጥር 0 ለ 3 ይሆን ነበር፤ ይህን ጽሑፍም ማናችንም አንጽፈውም ነበር። ጸሐፊው ይህቺን ቢጠቅሱ ሙግታቸው ይጠነክር ነበር፤ አልጠቀሷትም። ከዚያ በኋላ ግን ካፒታልስ ያንን ዙር በተከታታይ አሸንፎ 4 ለ 2 ጨረሰ፤ የመጨረሻው 6 ለ 3 ነበር። አንድ ነጥሮ የገባ ጎል አራት ጨዋታ አያሸንፍም።

«ፒትስበርግ ደክሞት ነበር።» በሁለት ዓመት ሁለት ዋንጫ ያነሳ ቡድን 49 የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ተጫውቷልና ሊደክመው ይችላል። ኤቭጌኒ ማልኪንም በጉዳት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች አልተሰለፈም። ነገር ግን ሰው የጎደለበት እሱ ብቻ አይደለም። ወሳኙን ስድስተኛ ጨዋታ ካፒታልስ ያደረገው እጁ የተጎዳው ኒክላስ ባክስትሮም ሳይኖር፣ ቶም ዊልሰን በሦስት ጨዋታ እገዳ ላይ ሆኖ፣ ቡራኮቭስኪም በጉዳት ወጥቶ ነው። የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው አሌክስ ቺያሰን በደህናው ጊዜ ሰልፍ የማይገባ ሰው ነው። በተጨማሪው ሰዓት ኦቬችኪን መሀል ላይ ያገኘውን ፓክ አሾልኮ ሰጠ፤ ኩዝኔትሶቭም ብቻውን ሄዶ በበረኛው በማት መሬይ እግሮች መካከል አስገባ። 2 ለ 1። ካፒታልስ ከ1998 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሊጉ የምሥራቅ ምድብ ፍጻሜ በቃ።

ከዚህ በኋላ ጸሐፊው በቀጥታ ወደ ቬጋስ ይሻገራሉ። በምሥራቁ ፍጻሜ የተገጠመው ታምፓ ቤይ የት ሄደ? በ113 ነጥብ የምሥራቁ አንደኛ የነበረ፣ ስታምኮስና ኩቼሮቭ የሚጫወቱበት ቡድን ነው። ካፒታልስ ሁለቱን በታምፓ ሜዳ 4 ለ 2 እና 6 ለ 2 አሸነፈ፣ ቀጥሎ ሦስት ተከታታይ ተሸነፈ፣ በጨዋታ ብዛት 2 ለ 3 እየተመራ ስድስተኛው ላይ ደረሰ። ያን ዓመት በመደበኛው ውድድርም በጥሎ ማለፉም አንድ ጊዜ እንኳ ጎል ሳይቆጠርበት ወጥቶ የማያውቀው ሆልትቢ ሁለቱን ተከታታይ ጨዋታዎች 3 ለ 0 እና 4 ለ 0 ዘጋ፤ በስድስተኛው 24፣ በሰባተኛው 29 ተኩስ መለሰ። ሰባተኛው በታምፓ ሜዳ ነበር። ኦቬችኪን ጨዋታው በተጀመረ በ62ኛው ሰከንድ አገባ፤ መሪ ሆኖ 1-1-3 የሚጫወትን ቡድን ማሳደድ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ለዕድል ሙግት ይህ ዙር አይመችም፤ ምናልባት የተዘለለውም ለዚህ ይሆናል።

«ቬጋስ በተራገፉ ተጫዋቾች የተሠራ ነው።» ባለቤቶቹ ለመግቢያ 500 ሚሊዮን ዶላር ከፍለዋል፤ ለዚህ ዋጋ ሊጉ ቀደም ካሉት አዲስ ቡድኖች የተሻለ ደንብ ሰጥቷቸዋል። እያንዳንዱ ነባር ቡድን ወይ ሰባት አጥቂ፣ ሦስት ተከላካይና አንድ በረኛ፣ ወይ በድምሩ ስምንት ተጫዋችና አንድ በረኛ ብቻ ነው መጠበቅ የቻለው። ከቀሩት ቬጋስ ከ30ው ቡድን አንዳንድ ሰው መረጠ። ችግሩ ነባሮቹ ሥራ አስኪያጆች መደንገጣቸው ነው፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን ጉቦ አድርገው ሰጡ። ፍሎሪዳ በቀደመው ዓመት 30 ጎል ያገባውን ማርሸሶን ሳይጠብቅ ቀረ፤ ሪሊ ስሚዝንም ጨመረበት። ኮሎምበስ ዊልያም ካርልሰንን ከአንደኛ ዙር ዕጣ ጋር ሰጠ፤ ካርልሰን በዚያው ዓመት 43 ጎል አገባ። ሚኔሶታ አሌክስ ተክን ሰጠ። ፒትስበርግ ፍለሪን ውሰዱልኝ ብሎ የሁለተኛ ዙር ዕጣ ጨመረ። ይህ ፍለሪ በ2017 ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ካፒታልስን 2 ለ 0 ዘግቶ ያሰናበተው በረኛ ነው። ቬጋስ 51 አሸንፎ 109 ነጥብ ሰበሰበ፤ ከካፒታልስ በ4 ይበልጣል። ሎስ አንጀለስን፣ ሳን ሆሴንና ዊኒፔግን 12 ለ 3 በሆነ ድምር አሸንፎ ነው ፍጻሜ የደረሰው። ይህን ማራገፊያ ማለት ይከብዳል።

የመጀመሪያውን ጨዋታም 6 ለ 4 ወሰደ። ሁለተኛው ላይ ነገሩ ተገለበጠ፤ እዚያም ዕድል ብቻ የሚታየው ሰው ብዙ ያመልጠዋል። 3 ለ 2 እየመራ ሳለ ካፒታልስ ከአንድ ደቂቃ በላይ በሦስት ሰው አምስት ገጥሞ አልተቆጠረበትም። ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀር የተወረወረ ፓክ ከአጥሩ ባልታሰበ አቅጣጫ ተመለሰ (ይህ በርግጥ ዕድል ነው፤ ያውም መጥፎ)። ኮዲ ኢኪን ለተክ አሳለፈ፤ ጎሉ ክፍት ነበር። ሆልትቢ ሰውነቱ እንደማይደርስ ሲያውቅ ዱላውን በበረዶው ላይ ወደ ኋላ ዘረጋ፤ ፓኩ የዱላው ሰፊ ክፍል ላይ አረፈ። በረኞች ይህን በየልምምዱ ይሠሩታል፤ ተኳሹ ክፍት ጎል ሲያይ ከፍ አድርጎ ሳይሆን መሬት ለመሬት የመምታት ልማድ አለው፤ ዱላ መሬት ላይ ካለ ዕድሉ ጨርሶ አልተዘጋም። ጸሐፊው ዕድል ያሉት ይህንን ነው።

የቀሩት 3 ለ 1፣ 6 ለ 2 እና ሰኔ 7 ላስ ቬጋስ ውስጥ 4 ለ 3 ሆኑ። በአራተኛው መጀመሪያ ላይ ጄምስ ኒል ክፍት ጎል አግኝቶ ቋሚውን መታ፤ እሱን ለጸሐፊው እንተውላቸው።

«የአዳራሹ ጩኸት።» ከተማዋ በርግጥ አብዳ ነበር። ከአራቱ ትልልቅ የአሜሪካ ሊጎች በአንዱም ከ1992 ወዲህ ዋንጫ አላየችም ነበር፤ ከታምፓ ጋር በተደረገው አራተኛ ጨዋታ ማታ የምድር ባቡሩ አንድ ሰዓት ጨምሮ እንዲሠራ ሒሳቡን የከፈለው የኳታር መንግሥት ነው። የቡድኑ አዳራሽ ባለበት በኤፍ ስትሪት ዙሪያ ሰው የሚጭኑ ሾፌሮቻችን ይህን አዳራሽ በደንብ ያውቁታል። ጩኸቱ ግን ስንት ጨዋታ አሸነፈ? ካፒታልስ በሜዳው 6 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፤ ከሜዳው ውጪ 10 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። የሜዳ ጥቅም በሆኪ ከጩኸት ይልቅ ቅያሬ ነው፤ ጨዋታው ሲቆም እንግዳው መጀመሪያ ይቀይራል፣ ባለሜዳው አይቶ የሚፈልገውን ሰው በሚፈልገው ላይ ይልካል። 1-1-3 ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም ብዙም አይጨነቅም፤ ስለዚህ እንግዳ መሆን ያን ያህል አልጎዳውም። ባዶ ወንበር ፊት ቢጫወቱም ውጤቱ ብዙ የሚለወጥ አይመስለንም።

«ኦቬችኪን ብቻውን።» 15 ጎል አግብቶ የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ይገባዋል። በተጫዋች ነጥብ (ጎልና ማቀበል ተደምሮ) ግን የቀደመው ኩዝኔትሶቭ ነው፤ 12 ጎልና 20 ማቀበል፣ 32 ነጥብ በ24 ጨዋታ። ኦቬችኪን 27 ነበረው። ባክስትሮም በወጣባቸው አራት ጨዋታዎች ቦታውን የሸፈነው ኤለር 18 ነጥብ ይዞ ጨረሰ። ዴቫንቴ ስሚዝ-ፔሊ በ650 ሺህ ዶላር የመጣ የአራተኛ መስመር ተጫዋች ነው፤ በመደበኛው ውድድር በ75 ጨዋታ 7 ጎል፣ በጥሎ ማለፉም 7 ጎል፤ ከነዚህ ሦስቱ በፍጻሜው ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ ጨዋታ። በመጨረሻው ምሽት 3 ለ 3 ያደረገው እሱ ነው። ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ቆይቶ ብሬት ኮኖሊ የመታው ፓክ በፍለሪ እግሮች መካከል ሾልኮ ከኋላው ቆመ፤ ፍለሪ አላየውም። ኤለር ግን ተኩሱን ተከትሎ ጎሉ አጠገብ ደርሶ ነበርና ነካ አድርጎ አስገባው። ኦቬችኪን በረዶው ላይ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ ጸሐፊው አሰልጣኙ ከዋንጫው በኋላ በቀናት ውስጥ መልቀቁን፣ ቡድኑም በቀጣዩ ዓመት በመጀመሪያው ዙር መውጣቱን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። ለእኛ ይህ የሚመሰክረው በተቃራኒው ነው። የትሮትዝ ውል ዋንጫ ካነሳ በራሱ የሁለት ዓመት ማራዘሚያ ከጥቂት ጭማሪ ጋር የሚል አንቀጽ ነበረው፤ በገበያ ከሚያወጣው ዋጋ በጣም ያነሰ ስለሆነ ሰኔ 18 ለቀቀ፤ ከዚያም ወደ ኒውዮርክ አይላንደርስ ሄደ። የበረኞች ኃላፊው ሚች ኮርንም ተከተለው። አይላንደርስ በ2017-18 ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ ብዙ ጎል የተቆጠረበት ነበር። በትሮትዝ የመጀመሪያ ዓመት ከሁሉም ያነሰ የተቆጠረበት ሆነ፤ ያውም ምርጥ አጥቂው ጆን ታቫሬስ ወደ ቶሮንቶ ሄዶበት። ካፒታልስን ደግሞ በ2019 በሰባተኛ ጨዋታ፣ በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት ያሰናበተው ካሮላይና ነው፤ አምበሉም በደመወዝ ጣሪያው ምክንያት የለቀቁት ጀስቲን ዊልያምስ ነበር። የመጨረሻዋን ጎል አመቻችቶ ያቀበለውም እሱ ነው።